ምንም ያልተጨመረበት ማሳ

ጥቅምት 3 ቀን 2008፣ ሱሉልታ

ዛሬም አይሱዙው መጥቶ ኩበት እስከ አናቱ ጭኖ ሄደ። ክረምቱ ከወጣ ገና ወሩ ነው፤ እበቱ እንኳ በደንብ ሳይደርቅ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀበሌው እየዞርኩ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከብቶቻችሁ የሚበሉት የማሳችሁን ሣርና ገለባ ነው፤ እበቱን ለማሳው መልሱለት። ሁሉም ራሱን ይነቀንቅልኛል። «ልክ ነሽ» ይለኛል። ከዚያ እበቱ ይጠፈጠፋል፣ ይደርቃል፣ አዲስ አበባ ሄዶ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ድርቆሹም ወደ አዲስ አበባ፣ ጭዱም ወደ አዲስ አበባ። በሚኒባስ ውስጥ ወሬው ሁሉ ማስተር ፕላኑ ነው፤ ከተማው መሬታችንን ሊወስድ ነው ይላሉ። እኔን ቢጠይቁኝ መሬቱ በአይሱዙ መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። የአፈር ባለሙያ ግን ማንም አይጠይቅም።

መልሴ ገበሬው ኦቦ መገርሳ ማሳ ላይ በቅሎ ይታያል። ሐምሌ ላይ ሦስት ቦታ ለክቼ ስንዴ አዘርቻለሁ፤ እያንዳንዱ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር ነው። አንዱ ማዳበሪያ፣ አንዱ እኔ ያዘጋጀሁት ኮምፖስት፣ አንዱ ደግሞ ምንም። ይህን የመጨረሻውን ሆን ብዬ መንገድ ዳር አደረግኩት፤ አላፊ አግዳሚው የተራበ መሬት ምን እንደሚመስል ይይ ብዬ ነው። ሰሌዳም ተክዬበታለሁ፦ «ምንም ያልተጨመረበት»።

ጥቅምት 9

ማሳው ላይ ነበርኩ። አንድ ነገር ልክ አይደለም።

ስንዴ ናይትሮጅን ሲያጥረው መጀመሪያ የሚገረጣው የታችኛው ቅጠል ነው። ካረጀው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ያበላል። ቢጫዎቹን ልቆጥር ጎንበስ ብዬ ስገባ ምንም ያልተጨመረበት እስከ እግሩ ድረስ አረንጓዴ ነው። የገረጣው የኔ ኮምፖስት ነው።

ጉታ ከኋላዬ ቆሞ ይስቃል። የኦቦ መገርሳ ልጅ ነው፤ በዕፅዋት ሳይንስ ዲፕሎማ ይዞ ሦስት ዓመት ሥራ አጥቶ የተቀመጠ፤ ሙከራውን በነፃ የሚያግዘኝ እሱ ነው። «ሮማን፣ ሰሌዳዎቹን አቀያይረሽ እንዳይሆን» አለኝ። አልሳቅኩም።

ጥቅምት 21፣ እሑድ

ኮምፖስቱ ለምን እንደገረጣ አውቃለሁ። ሚያዝያ ላይ እበት ለምኜ ያገኘሁት ሦስት ጆንያ ነው። የቀረውን በገለባ ሞላሁት። ገለባ ሲበሰብስ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ራሳቸው ይበሉታል፤ ለተክሉ የሚደርሰው እነሱ ከጠገቡ በኋላ ነው። በዚያ ላይ አልበሰለም ነበር። እያወቅኩ ጨመርኩት፤ ምክንያቱም ግብርና ቢሮው «ዘንድሮ ውጤት አሳዪ» ብሎኛል። ሦስት ጆንያ እበት፣ በዚህ ሁሉ ከብት መሃል። ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ያኛው ግን ለምን አልተራበም? ቅጹን አውጥቼ ገለበጥኩ። ቀኑ፣ ዘሩ፣ የዝናቡ መጠን፣ ሁሉም ተሞልቷል። «የማሳው ታሪክ» የሚለው ላይ ብቻ ሰረዝ አለ። ያን ቀን ዝናብ ሊይዘን ስለነበር ቸኩዬ ነው። ምን ታሪክ ይኖረዋል ደግሞ፤ ስንዴና ገብስ፣ ገብስና ስንዴ ነዋ።

ኅዳር 6፣ ሰኞ

የገበሬዎች ቀን። ምነው በቀረብኝ።

ከዞን እንግዶች መጡ። ከመኪና ሲወርዱ ፊት ለፊት የሚጠብቃቸው ሰሌዳዬ ነው፤ ምንም ያልተጨመረበት። ከጀርባው ዛላው የከበደ፣ ወገቤ የሚደርስ ስንዴ። አንዱ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከና «ምንም ሳይጨመር እንዲህ ከሆነ እናንተ ለምኑ ነው ደሞዝ የምትበሉት?» አለ። ገበሬው ሁሉ ሳቀ። ኦቦ መገርሳ ብቻ አልሳቁም፤ ፊቴን ያዩ ነበር።

ኃላፊዬ አቶ አለሙ ከእንግዶቹ ጋር ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። እነሱ ሲሄዱ ጥርሱ ገባ። «ሪፖርቱን እንዴት እንደምትጽፊው አስቢበት» አለኝ። «ለሚቀጥለው ዓመት ኮምፖስቱ ይቀጥል አይቀጥል የሚወሰነው በሱ ነው።»

ኅዳር 14

አጨድን፣ ወቃን፣ መዘንን። ኦቦ መገርሳ ጫንጮ ለቅሶ ሄደዋል። ሚዛኑን የያዘው ጉታ ነው።

ማዳበሪያ 29 ኪሎ። ኮምፖስት 25። ምንም ያልተጨመረበት 31።

ደግመን መዘንን። 31። ጉታ ወረቀት ስላልያዘ ሦስቱንም መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ። ከዚያ እህሉን አንድ ጆንያ ውስጥ ገለበጥነው።

ኅዳር 17፣ ዓርብ

ሪፖርቱን አስገባሁ። የማዳበሪያውንና የኮምፖስቱን እንዳለ። ምንም ያልተጨመረበትን ከአካባቢው ሁኔታ ጋር አገናዝቤ 12 አደረግኩት። ባዶ መሬት እዚህ አካባቢ የሚሰጠው ያንን ያህል ነው፤ ማንም የአፈር ሰው ይመሰክራል። አንድ አፈንጋጭ ቁጥር የሁለት ዓመት ሥራ ሊያፈርስ አይገባም። እበቱ ወደ መሬቱ ይመለስ ነው የምለው፤ ይሄ ደግሞ እውነት ነው። ማንንም አልጎዳሁም።

አዴ ተረፈች፣ የኦቦ መገርሳ ባለቤት፣ እርጎ ልካልኝ ጠበቀኝ። ሳልቀምሰው ለአከራዬ ለጠይባ ሰጠኋት።

ኅዳር 22

ውጤቱን በማሠልጠኛው አዳራሽ ለገበሬዎቹ አነበብኩ። ማዳበሪያ ሃያ ዘጠኝ፣ ኮምፖስት ሃያ አምስት፣ ምንም ያልተጨመረበት አሥራ ሁለት። «እንግዲህ እበት የሌለው መሬት ይሄንን ይመስላል» አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር።

በገበሬዎቹ ቀን ስንዴውን በዓይናቸው አይተውት ነበር። አንዱ ጎረቤት «ያ ሁሉ ዛላ ወዴት ገባ?» ሲል «ቁመቱ ነው እንጂ ፍሬው ጭር ያለ ነበር» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ኦቦ መገርሳ አንገታቸውን ደፉ። ጉታ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ መዳፉን ገልጦ አየ። ከታጠበ ሳምንት ያለፈውን መዳፍ።

ስወጣ ደረሰብኝ። «ቁጥሩ ስህተት ነው አይደል?»

«ተገናዝቦ ነው» አልኩት።

«እሺ» አለ። ብቻ እሺ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ የምመልሰው አላጣም።

ኅዳር 27

የጊንጪ ተማሪዎች ተቃውሞ እዚህም ደርሷል። ትምህርት የለም። ሆለታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሁሉም ጋ ወጣቱ ወጥቷል ይላሉ። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ በስልክ «ሆ፣ ላፋ ኬኛ ጄዳን» ሲል ሰማሁ። መሬታችን ይላሉ። ጠይባ ሱቋን በቀን ሦስቴ ትከፍታለች፣ ሦስቴ ትዘጋለች። «ሮማንዬ፣ ከእኔ ሊወስዱ የሚችሉት ስኳር ብቻ ነው» ትላለች።

ታኅሣሥ 1

መንገድ ተዘግቷል። ድንጋይ። የተቃጠለ ጎማ። ተኩስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ። ቢሮ አልሄድኩም።

ከሰዓት፦ ጉታን ወስደውታል። ከሰልፉ ይሁን ከመንገድ የሚያውቅ የለም።

ታኅሣሥ 6

አዴ ተረፈችን ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አየኋት። ምግብ ይዛ ሰልፍ ላይ ናት። ከሩቅ አየኋትና በሌላው መንገድ ዞርኩ። ሥራ ነበረብኝ።

ሥራ አልነበረብኝም።

ታኅሣሥ 12

ችካል ተክለዋል።

ኦቦ መገርሳ ማሳ ላይና በዙሪያው ያሉ የአሥራ አንድ አባወራ ማሳዎች ላይ። መንገድ ዳር የነበረው ሰሌዳዬ ተነቅሎ በቦታው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ቆሟል። መሬቱ የሚወሰድበትን ደብዳቤ አቶ አለሙ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ለመጋዘን መሥሪያ ነው። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ማሳዎቹ የተራቆቱና ምርታማነታቸው ዝቅተኛ መሆኑ በባለሙያ ጥናት ስለተረጋገጠ።»

በባለሙያ ጥናት። የትኛው ባለሙያ? የቱ ጥናት? አባሪውን ገለጥኩ። ሰንጠረዡ የኔ ነው። ከሦስቱ መስመር የመጨረሻውን ብቻ ወስደዋል፤ 12 ኪሎው በሄክታር ሲሰላ 12 ኩንታል። ከሥሩ ፊርማዬ። ሮማነወርቅ፣ ቀይ ማኅተም ጎን፣ ጥርት ብሎ።

እነዚህ ሰዎች እንዴት ያሉ ናቸው? አንድ አሥር በአሥር ሜትር መደብ አይተው የአሥራ ሁለት ቤት መሬት ሞቷል ይላሉ? ሃያ ዘጠኙን አላዩትም? ሃያ አምስቱን አላዩትም? የሚፈልጉትን መስመር አግኝተው ሌላውን በመቀስ ቆርጠዋል። ሌቦች። ወረቀት አጣፊ ሌቦች። ቀድሞውንም መሬቱን ሊወስዱ ወስነው ነበር፤ እኔ ብጽፍም ባልጽፍም ይወስዱት ነበር።

ባልጽፍ ግን በምን ይወስዱት ነበር?

ታኅሣሥ 13

አቶ አለሙ ጋ ገባሁ። ቁጥሩ ልክ አይደለም አልኩት።

«ያንቺ ቁጥር ነው» አለኝ። ሻዩን ማማሰሉን እንኳ አላቆመም።

«እኮ፣ ልክ አይደለም እያልኩህ ነው።»

«እንግዲያው ሚዛኑ ተበላሽቶ ነበር በይና ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሚዛን እናዛለን። ደብዳቤው ግን ሄዷል።» ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ደግሞ በዚህ ሰሞን ስለ መሬት ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ከነማን ጋር እንደሚቆጠር ታውቂያለሽ። ልጁ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።»

በሩን አጋጭቼ ወጣሁ። ያ ብቻ ነው ያደረግኩት፤ በር ማጋጨት።

ታኅሣሥ 17፣ እሑድ

ዛሬ ሄድኩ። ልናገር ነበር የሄድኩት፤ ይሄ ይጻፍ።

ኦቦ መገርሳ በረታቸውን ይጠግኑ ነበር። «ኢንተላ ኮ፣ አካም ጅርታ» ብለው እንደ ሁልጊዜው ሁለቱን እጄን ያዙ። ልጄ ይሉኛል፤ ዛሬም ልጄ። በርጩማ አወጡልኝ። አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ።

«ይቅር በዪኝ» አሉ። «መሬቴ አሳፈረሽ። በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት፣ በወረቀትሽም ላይ። እንዲያ ይሆናል ብዬ አልነበረም የሰጠሁሽ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሦስት ቦታ ስትለኪ አንዱ ላይ ምንም አይጨመርም አልሽ። ምንም ሳያበሉት ስጥ ሊባል ነው አልኩና አዘንኩለት። ከዚያም አንቺ እንግዳችን ነሽ። ለእንግዳ ከቤት ያለው የተሻለው ነው የሚቀርበው። መንገድ ዳሩ ደላው የነበረበት ነው።» ደላ ማለት ከብቶቹ በበጋ ሜዳ ላይ የሚያድሩበት የእንጨት አጥር ነው። በየጊዜው ነቅለው ቦታ ያዞሩታል፤ ዛሬ እዚህ፣ ከወር በኋላ እዚያ፤ ማሳው በተራ እንዲጠግብ። «ሁለት በጋ ሳላዞር እዚያ አቆየሁት። ሃያ ሁለት ከብት። ከማሳዬ ሁሉ የጠገበው እሱ ነው። ለዚህ ነው የሰጠሁሽ።»

ተቀምጬ ቀረሁ። ሃያ ሁለት ከብት፣ ሁለት በጋ። ሽንቱ፣ እበቱ፣ የረገጡት ገለባ። እንዲህ ያለ መሬት ሦስት አራት ዓመት ቀስ እያለ ያበላል። እስከ እግሩ አረንጓዴ የሆነው ለዚህ ነው። ሁለት ዓመት አፌ እስኪደርቅ የሰበክሁት፣ ገለባ በሞላው ክምሬ ላሳይ ያቃተኝ ነገር እዚያው መንገድ ዳር በቅሎ ነበር። ሠላሳ አንዱ አፈንጋጭ ቁጥር አልነበረም። ማስረጃዬ ነበር። በእጄ ደልዤ አሥራ ሁለት አደረግኩት። «የማሳው ታሪክ» የሚለው ላይ ሰረዝ ከማደርግ፣ አንድ ጥያቄ፣ አንዲት ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ።

ተናደድኩባቸው፤ ይሄም ይጻፍ። ለምን አልነገሩኝም? ማን ለሙከራ የጠገበ መሬት ይሰጣል? እንግዳ ነኝ ወይ እኔ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ? ይህን ሁሉ በሆዴ።

«ጉታ ሠላሳ አንድ ነው ብሎ ሞግቶኝ ነበር» አሉ ልስጡን በእጃቸው እያለሰለሱ። «ሊያስደስተኝ ነው ብዬ ተውኩት። የተማረች ሰው መዝና፣ ጽፋ፣ ፈርማ ያነበበችው እያለ የልጄን ልመን?»

አልነገርኳቸውም። እርጎ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ፣ መጣሁ። ፈሪ ነኝ። ሌላ ቃል የለውም።

ታኅሣሥ 28

ገና። ጉታ አልተፈታም። ጠይባ ለእኔ ብላ ክርስቲያን ሥጋ ቤት ገብታ ሥጋ ገዝታልኛለች። ሳህኑን ሳልነካ መለስኩላት።

ጥር 2፣ ሰኞ

ጻፍኩት። አራት መስመር ነው።

«ኅዳር 17 ቀን ባቀረብኩት ሪፖርት ምንም ያልተጨመረበት ተብሎ የተመዘገበው መደብ የሰጠው ምርት 31 ኪሎ ግራም ሆኖ ሳለ 12 ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሚዛኑ አልተበላሸም። መደቡ የከብት ደላ ያረፈበት በመሆኑ ለምነቱ ከፍተኛ ነው። መሬቱ ተራቁቷል የሚለው መረጃ ሐሰት ነው።»

ግልባጭ ችካሉን ለተከለው መሥሪያ ቤት፣ ግልባጭ ለዞን፣ ግልባጭ ለኦቦ መገርሳ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ አንብባ ቀና ብላ አየችኝና ማኅተሙን መታችው። አቶ አለሙ ሲሰማ ክፍሌ ድረስ መጣ። ቁልፍሽን አስረክቢ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት።

ጥር 4፣ ረቡዕ

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል። በሬዲዮ ተነገረ። መንገዱ ላይ ጥሩምባ ነው፣ እልልታ ነው። ጠይባ ሱቋን ከፍታ አልዘጋችውም። «ቀረ እኮ፣ አልሰማሽም? ምነው ፊትሽ?» አለችኝ።

የኦቦ መገርሳ ደብዳቤ ላይ ማስተር ፕላን የሚል ቃል የለም። የራሱ ቁጥር፣ የራሱ ማኅተም አለው። የኔ 12 አለበት። ፕላኑ ሲቀር ችካሉን የሚነቅል አልመጣም።

ጥር 5

ነገርኳቸው። የሳቸውን ግልባጭ ራሴ ይዤ፣ ሁለቱም ባሉበት፣ ቆሜ፤ በርጩማው ላይ አልተቀመጥኩም።

«ኦቦ መገርሳ፣ ይቅር ይበሉኝ አልልም። መሬትዎ አላሳፈረኝም። እኔ ነኝ የዋሸሁበት።»

«ስንት ነው የሰጠው?» አሉ።

«ሠላሳ አንድ።»

«ለሷ ንገሪያት» አሉ ወደ አዴ ተረፈች ዞረው። ነገርኳት። አንድ ጊዜ አስደገሙኝ። ፊታቸው ላይ ኩራት ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ኩራት አልመጣም።

«ጉታ የሄደ ቀን ጠዋት» አሉ፣ «ደግሞ አነሳብኝ። ሠላሳ አንድ ነው አባ፣ በእጄ ነው የያዝኩት አለኝ። በገዛ መሬቴ አትዋሸኝ፣ ውሸታም አልኩት። ቁርሱን ሳይበላ ወጣ።»

አዴ ተረፈች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ የምይዘው አልነበረኝም።

ችካሉን ሲያዩ ቆዩ። «ደብዳቤሽ ይነቅለዋል?» አሉ። አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ከዚያ ሰዎች ጠርተው ደላውን ነቀሉ። ከወንዝ ዳር ወደ መንገድ ዳሩ አዞሩት። ችካሉ መሃል ላይ ቀረ። ጥጃዋን እሱ ላይ አሰሯት።

ልሄድ ስል ልጄ አላሉኝም። «አንቺ» አሉ። «እሱ ጋ ሂጂ። አባትህ ሰምቷል በይው።»

ጥር 8፣ እሑድ

ከአዴ ተረፈች ጋር ሰልፍ ያዝን። መጠየቅ አይቻልም፤ ምግብ ብቻ ይገባል። የሁሉም ሳህን ላይ ስም ተጽፏል፣ እንዳይቀያየር። ወረቀት ይወስዱብናል አለችኝ። የሷ ሳህን የፕላስቲክ ክዳን ላይ «ጉታ መገርሳ» ይላል። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ከስሙ ሥር «31፣ አባትህ ሰምቷል» ብዬ ጻፍኩ። ፖሊሱ ክዳኑን አገላብጦ አየው። የቁጥር መለያ መሰለውና ተቀበለ።

በሩ አጠገብ ተቀምጠን ጠበቅን። ጥላው ሲጠብ አዴ ተረፈች ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ፀሐዩ እንዳያገኘኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳህኖቹ ወጡ። የጉታ ተበልቷል፤ ባዶ ነው። ክዳኑን ተቀብላ ለኔ ሰጠችኝ፣ ማንበብ አትችልም። ቁጥሩ እንዳለ ነው። ከሥሩ በጥፍር ወይ በማንኪያ ጫፍ ተጭሮ አንድ ቃል አለ።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«አውቃለሁ ይላል።»